መምህሩ በምን ይመዘን? ልጁ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

ስለ ፓርቲያችን የትምህርት አማራጭ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል







ዛሬ የምናገረው ስለ ትምህርት በጠቅላላው አይደለም። ስለ ትምህርት በጠቅላላው ሁሉም ፓርቲ ይናገራል። «ጥራት ያለው ትምህርት ለሁሉም» የማይል የምርጫ ማኒፌስቶ እስካሁን አላየሁም። እኔ የምናገረው ስለ አንድ ጠበብ ያለ ጉዳይ ነው፤ መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ ሲመዘን የተማሪዎቹ ውጤት በምዘናው ውስጥ ይግባ ወይ፣ ከገባስ እንዴት ይግባ ስለሚለው።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ወገኖች ተቀምጠዋል። አንደኛው ወላጅ ነው። ልጁን አራት ዓመት ሙሉ ወደ ትምህርት ቤት ልኮ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝቶ፣ ከብት የሚጠብቅለትን እጅ አጥቶ፣ ልጁ አምስተኛ ክፍል ሲደርስ «ይህችን ደብዳቤ አንብብልኝ» ቢለው የማያነብለት ወላጅ ነው። ይህ ወላጅ «ተጠያቂው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ሌላው ወገን መምህሩ ነው። ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል አጭቀውበት፣ ለሦስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ሰጥተውት፣ ደመወዙ የወሩን አጋማሽ እንኳ የማያሻግረው ሆኖ ሳለ፣ ሰኔ ላይ «ተማሪዎችህ ለምን ወደቁ?» የሚባለው ሰው ነው። እሱም «ስንት ጊዜ ልገምገም?» ይላል፤ ማለቱም ተገቢ ነው። እነዚህን ሁለት ወገኖች ማናከስ ቀላል ነው። ለድምፅ ብለን ከወላጅ ጋር ስንሆን መምህሩን መክሰስ፣ ከመምህር ጋር ስንሆን ወላጁን መርሳት እንችል ነበር። ሁለታችሁንም በአንድ አዳራሽ የጠራነው አንዱን ቃል ለሁለታችሁም ለመናገር ነው።

በመጀመሪያ ችግሩ የት እንደሚጀምር እንይ። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በባዕድ ቋንቋ የቀረበላቸው እንዳይመስላችሁ፤ በሚማሩበት በአካባቢያቸው ቋንቋ ነው። አሁን ከእኔ ጋር አስሉ። በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይደግም ቢሄድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚደርሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከእሱ ሁለት ዓመት ብቻ ወደ ኋላ የነበሩት ልጆች ናቸው እንግዲህ የ2014 ዓ.ም.ን የመልቀቂያ ፈተና በጥቅምት 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተፈተኑት። ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። በ2015ቱ ፈተና ብቻ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ሀገር ደነገጠ። ባለሥልጣናቱም የደነገጡ መሰሉ። ነገር ግን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የታየው ውድቀት የዚያ ዓመት ውድቀት አልነበረም፤ አሥር ዓመት ሙሉ በየክፍሉ እየተሸፈነ የመጣ ነው። የሸፈነውስ ምንድነው? ከሸፈኑት ነገሮች አንዱ የመምህራን ምዘና ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

መምህራን ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ ወላጆች እንዲሰሙት ያህል ልናገር። በብዙ ትምህርት ቤቶች በመስከረም ወር መምህሩ ዕቅድ እንዲፈርም ቅጽ ይሰጠዋል። ቅጹ ላይ ለምሳሌ «ከተማሪዎቼ 85 ከመቶ የሚሆኑት 50ና ከዚያ በላይ እንዲያመጡ አደርጋለሁ» የሚል መስመር አለ። 85 የሚለውን ቁጥር መምህሩ አላወጣውም። ርዕሰ መምህሩም አላወጣውም። ከላይ ለክልሉ፣ ከክልሉ ለዞኑ፣ ከዞኑ ለወረዳው፣ ከወረዳው ለትምህርት ቤቱ እንደ ማዳበሪያ ኮታ ወርዶ ነው የመጣው። ልጆቹን ገና ማንም አላያቸውም። መዝገቡም አልተከፈተም። ቁጥሩ ግን ደርሷል።

መምህሩ ምን ያድርግ? እውነቱን ጽፎ «20 ከመቶ» ብሎ ቢፈርም ወዲያውኑ «የአመለካከት ችግር አለበት» ይባላል። 85 ብሎ ቢፈርምና ሰኔ ላይ 20 ቢያመጣ ውጤቱ ይቀንሳል፤ ከመለስተኛ መምህር ወደ መምህር፣ ከመምህር ወደ ከፍተኛ መምህር የሚያሻግረው የደረጃ ዕድገት ይዘገያል፤ ይህም ማለት ከልጆቹ አፍ እንጀራ ይነሳል ማለት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ ይቀራል። ተከታታይ ምዘና በሚባለው ውስጥ ለቡድን ሥራ፣ ለደብተር ንጽሕና፣ ለክፍል ተሳትፎ ነጥብ ይታከላል፤ ፈተናው ይቀላል፤ ሮስተሩ ያምራል። ወረዳው ለዞኑ፣ ዞኑ ለክልሉ ያምርለታል። ሁሉም ዕቅዱን አሳካ። ያልተሳካለት አንድ ሰው ልጁ ነው፤ እሱም ድምፅ የለውም።

እዚህ ላይ መምህሩን «ዋሽተሃል» የሚል ካለ እኔ አልስማማም። ውሸቱን ቅጹ ነው የጻፈው። መምህሩ የፈረመው ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ የፖለቲካው ጣጣ ይታከላል። በሀገራችን «ግምገማ» የሚለው ቃል የመጣው ከትምህርት ቤት አይደለም። መምህር ሲገመገም የማስተማር ችሎታው ብቻ ሳይሆን የማን ወገን መሆኑም ይታይ እንደነበር የማያውቅ የለም። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባርረዋል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ሊቀመንበር የነበሩት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታስረው ቆይተዋል፤ የማኅበሩ አመራር አባል የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩም በ1989 ዓ.ም. በፖሊስ ጥይት ተገድለዋል። ከዚያም በኋላ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት እስከ መምህራን ማረፊያ ክፍል ድረስ ዘለቀ። ይህን የማነሳው ያለፈ ቁስል ለመነካካት አይደለም። መምህሩ «ምዘና» የሚል ቃል ሲሰማ ጆሮው የሚቆመው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ወላጆች እንዲረዱለት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምዘናን ጨርሶ መተው ነው? አንዳንድ ወዳጆቻችን በውስጥ ውይይታችን ይህን ሐሳብ አቅርበው ነበር። ፓርቲያችን አልተቀበለውም። ምክንያቱም ምዘና የሌለበት ትምህርት ቤት ጎበዙን መምህርና በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀረውን መምህር እኩል ያደርጋቸዋል፤ በዚህም መጀመሪያ የሚበደለው ጎበዙ መምህር ነው። ልጁ ስለመማሩ ማንም የማይጠየቅበት ሥርዓት ለወላጅ ልናቀርብ አንችልም። የምንለው መመዘኛው ይቀየር ነው። «ስንት ልጅ አለፈ?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «ልጁን ከየት ተቀበልከው፣ የት አደረስከው?» የሚል ይተካ። ይህንን ነው የተማሪ ዕድገት ግብ የምንለው።

በምሳሌ ላስረዳ፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት ያህል ናቸው። አንዲት የሦስተኛ ክፍል መምህርት 64 ልጆች ተቀበለች እንበል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያንዳንዱን ልጅ ጠረጴዛዋ አጠገብ እየጠራች አስነበበችው። 20ዎቹ ፊደል በቅጡ አይለዩም። 24ቱ ነጠላ ቃል ያነባሉ፤ ዓረፍተ ነገር ግን ያቅታቸዋል። 14ቱ ዓረፍተ ነገር ያነባሉ፤ ምን እንዳነበቡ ሲጠየቁ ግን አይመልሱም። 6ቱ አንብበው ይረዳሉ። ከዚህ ተነስታ ግቧን ራሷ አወጣች፤ ፊደል ከማይለዩት 20 ውስጥ 15ቱ ቃል አንባቢ እንዲሆኑ፣ ከ24ቱ 18ቱ ዓረፍተ ነገር እንዲያነቡ፣ ከ14ቱ 10ሩ አንብበው እንዲመልሱ፣ 6ቱ ደግሞ አጭር ታሪክ አንብበው በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ። ሰኔ ላይ ግቧን መታች። ይህች መምህርት 58 ወደ ኋላ ከቀሩ ልጆች ውስጥ 43ቱን አንድ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋለች። ነገር ግን በኮታው ቅጽ ሲታይ አንብበው የሚረዱት 16 ልጆች ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 25። ወድቃለች!

ከእሷ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በከተማ የሚያስተምር ሌላ መምህር ደግሞ 60 ልጆች ሲቀበል 50ዎቹ ከቤታቸውና ከመዋዕለ ሕፃናት ማንበብና መረዳት ይዘው የመጡ ናቸው። ሰኔ ላይ 51 ሆኑ። 85 ከመቶ! ዕቅዱን አሳክቷል፤ ይሸለማል። ዓመቱን ሙሉ ያራመደው ግን አንድ ልጅ ነው። እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ የትኛዋ ናት መምህር?

ይህ ሐሳብ በሌላ ሀገር ተሞክሯል። ተሞክሮም የተበላሸበትና ደህና የሆነበት ቦታ ስላለ ሁለቱንም መናገር ይገባል። ሰሞኑን «አሜሪካም እንዲህ ያደርጋል» እያሉ ግማሹን ብቻ የሚያወሩ ሰዎች በዝተዋል።

የተበላሸው የሀገር አቀፍና የክፍለ ግዛት ፈተና ውጤት በቀመር ተሰልቶ በቀጥታ በመምህሩ ነጥብ ላይ የተለጠፈበት ነው። በአትላንታ ከተማ ውጤት እንዲጨምር ከላይ በመጣ ግፊት መምህራንና ርዕሳነ መምህራን የተማሪዎችን የመልስ ወረቀት ላጲስ ይዘው እስከ ማረም ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የመንግሥት ምርመራ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 የትምህርት ሠራተኞችን ስም ጠርቷል፤ በ2015 ደግሞ 11 ሰዎች በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። በሂዩስተን መምህራን የተመዘኑበት ቀመር የአንድ የግል ኩባንያ ምስጢር ስለነበር መምህሩ ነጥቡ ትክክል መሆኑን ሊያጣራ አልቻለም፤ መምህራኑ ከሰሱ፣ በ2017 የፌዴራል ዳኛ አቤቱታቸው መሠረት እንዳለው ወሰነ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ታርቆ ቀመሩን መምህር ለማባረር መጠቀሙን ተወ። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር ራሱ በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ አብዛኞቹ ጥናቶች በተማሪዎች የፈተና ውጤት መካከል ካለው ልዩነት የመምህሩ ድርሻ ከ1 እስከ 14 ከመቶ እንደሆነ ማሳየታቸውን አስታውቋል። ቀሪው የቤቱ፣ የሆዱ፣ የመጽሐፉ፣ የክፍሉ መጣበብ፣ ያለፉት ዓመታት ነው። ይህን ቁጥር መምህሩ ምንም አያመጣም ብሎ የሚተረጉም ሰው ደግሞ ይሳሳታል። መጽሐፍ በሌለበት ቤት ላለች ልጅ ያ ድርሻ ሕይወቷ ሊሆን ይችላል።

ደህና የሆነውን የምወስደው ከዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ነው። ዋና ከተማዋን ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲያትል ያለችበትን የምዕራቡን ጠረፍ ማለቴ ነው። ክፍለ ግዛቷ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2012 ባወጣቻቸው ሕጎች መምህሩ በስምንት መመዘኛዎች ይመዘናል፤ በሦስቱ ውስጥ የተማሪ ዕድገት ይታያል። አንዱ ግብ ለመላው ክፍል፣ አንዱ ወደ ኋላ ለቀሩ ልጆች፣ አንዱ ከሥራ ባልደረቦች ጋር በጋራ የሚወጣ ነው። ግቡን የሚያወጣው መምህሩ ነው፤ ማስረጃውም ከክፍሉ ሥራ የሚመጣ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት «የክፍለ ግዛቱ ፈተና ውጤት በምዘናው በግዴታ ይግባ» ሲል የክፍለ ግዛቷ ምክር ቤት አልተቀበለውም፤ በዚህም ምክንያት በ2014 ከፌዴራሉ ሕግ የተሰጣት የተለየ ፈቃድ ተነጠቀ። ቢነጠቅም አልተመለሱም። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው አዲስ የፌዴራል ሕግ ያንን ግዴታ አነሳው። ልብ በሉ፤ የሌላውን እንደወረደ ገልብጠን እናምጣ አንልም። በእኛ ሀገር መቅጃ ማሽን ሲመጣ መቅጃው እንጂ ወረቀቱ እንደማይመጣ እናውቃለን።

ስለዚህ ፓርቲያችን በሕዝብ ድምፅ ቢመረጥ የሚያደርገውን ልናገር። ከላይ የሚወርድ የማሳለፍ ኮታ በሕግ ይቀራል። ወረዳ ለትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤት ለመምህር የመቶኛ ቁጥር ጽፎ ማስፈረም አይችልም። መምህሩ ከጥቅምት መጨረሻ በፊት ልጆቹ ያሉበትን መዝግቦ ሁለት ግቦች ያወጣል፤ አንዱን ለክፍሉ ሁሉ፣ አንዱን በጣም ወደ ኋላ ለቀሩት። ግቡን ከዲፓርትመንቱ ባልደረቦቹና ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይወያይበታል። በጣም የቀለለ ግብ ከሆነ ባልደረቦቹ «ይህማ ያለ አንተም ይደረሳል» ይሉታል። በጣም የገዘፈ ከሆነም ይነግሩታል። በጥር አጋማሽ ላይ ዳግም ይታያል፤ ክፍሉ ተከፍሎ ወይም ሃያ አዲስ ተፈናቃይ ልጆች ገብተው ከሆነ ግቡ ይሻሻላል። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጆች ዓመታት አጥተው የተመለሱበት ክፍል አለ። የእነዚያን ልጆች መምህር ጦርነቱ በሌለበት ከተማ መስፈርት መመዘን ግፍ ነው።

ሰኔ ላይ የሚታየው ግቡ መመታቱ ብቻ አይደለም። ግቡ በእውነተኛ መነሻ ላይ ተመሥርቷል ወይ? የልጆቹ ሥራ፣ ደብተሩ፣ የንባቡ መዝገብ አለ ወይ? መምህሩ በጥር ያልሠራውን ዘዴ ቀየረ ወይ? እነዚህ አብረው ይመዘናሉ። ከ20ው 15ቱን አደርሳለሁ ብሎ 9ኙን ያደረሰ፣ ግን ለምን እንደሆነ በማስረጃ የሚያስረዳ መምህር አይቀጣም። ሁሉንም መታሁ ብሎ የንባቡን መዝገብ ማሳየት ያልቻለ ግን ይጠየቃል። እዚህ ላይ መምህራን ቅር ሊላችሁ ይችላል። ቢሆንም ዛሬ ብነግራችሁ ይሻላል።

የዕድገት ግቡ ውጤት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከደመወዝ ጭማሪም ሆነ ከቅጣት ጋር አይያያዝም። «ያለ ሽልማት ማን ይሠራል?» የሚል ሰው ይኖራል። የአትላንታው ታሪክ መልሱ ነው፤ ቁጥር ላይ ገንዘብ ስታስቀምጥ ቁጥሩ ያድጋል፣ ልጁ ግን እዚያው ይቀራል።

መዛኙ ማነው የሚለው ሌላው የማንደራደርበት ነገር ነው። በምዘና ኮሚቴ ውስጥ በፓርቲ ኃላፊነት ላይ ያለ ሰው አይቀመጥም፤ የእኛም ቢሆን። መምህሩ ፋይሉን የማየት፣ የተጻፈበትን የመቃወም፣ ከወረዳው ውጭ ለሆነ ገለልተኛ አካል ይግባኝ የማለት መብት ይኖረዋል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ተወካይ የንባቡን መዝገብ ያያል፤ የልጆች ስም በአደባባይ ሳይወጣ። ወላጅ «ልጄ በመስከረም የት ነበር፣ አሁን የት ነው?» ብሎ መምህሩን ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ከክፍሉ 31ኛ ወጥቷል» የሚል ሳይሆን «ፊደል ይለያል፤ ቃል ማንበብ ጀምሯል፤ ሁለት አሐዝ መቀነስ ግን ይቀረዋል» የሚል መሆን አለበት።

የመጨረሻው ነገር ወረዳውም ግብ ይፈርማል የሚለው ነው። መስፈርቱ በአንደኛ ደረጃ በክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ሆኖ ሳለ 80 ልጅ በአንድ ክፍል ካስቀመጠ፣ መጽሐፍ በኅዳር ካደረሰ፣ ደመወዝ ካዘገየ፣ ይህ በመምህሩ ምዘና ቅጽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፋል። የወረዳው ኃላፊም ይፈርምበታል። እስከ ዛሬ ፊርማው ወደ ታች ብቻ ነበር የሚወርደው።

የማንችለውንም ልናገር። በአንድ ዓመት ውስጥ የክፍል መጣበብን እናስወግዳለን አንልም፤ የሚያስፈልገው የክፍልና የመምህር ቁጥር በአንድ በጀት ዓመት የሚሸፈን አይደለም። የመልቀቂያ ፈተናው ውጤት በሁለተኛው ዓመት ያሻቅባል ብለን ቃል አንገባም። እንዲያውም ሮስተሮቹ እውነት መናገር ሲጀምሩ በወረቀት ላይ ያለው ውጤት መጀመሪያ ሊያሽቆለቁል ይችላል፤ ያን ጊዜ ተቃዋሚዎቻችን «ትምህርቱን ገደሉት» እንደሚሉ ከአሁኑ እናውቀዋለን። 64 ልጆችን አንድ በአንድ ማስነበብም ለመምህሩ ተጨማሪ ሥራ ነው። ስለዚህ በመስከረምና በጥር ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውሉ ቀናት በትምህርት ካሌንደሩ ይያዛሉ፤ በእነዚያ ቀናት መምህሩ ለስብሰባም፣ ለሰልፍም፣ ለመዋጮ ማሰባሰብም አይጠራም።

ከመምጣቴ በፊት አንድ መምህር «ቅጹን ትቀይራላችሁ እንጂ ቅጽ መሙላቱ አይቀርም» ብለውኝ ነበር። አዎ፣ ቅጽ ይኖራል። አንድ ገጽ ነው። ረቂቁ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ስትወጡ ውሰዱ፣ የማትስማሙበትን በላዩ ላይ ጽፋችሁ መልሱልን፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም። አሁን መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው። ከኋላ ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር።